በቀኝ ጎኔ አስተኙኝ

ቃሬዛው ወደ ኋላ ባዘነበለ ቁጥር ምራቄ ጉሮሮዬ ላይ ይጠራቀማል። መዋጥ አልችልም፣ መትፋትም አልችልም። በከፈን ተጠቅልዬ፣ ዓይኔ በጨርቅ ታስሮ፣ አገጬ በሻሽ ወደ ላይ ተሸብቦ፣ በአራት ሰው ትከሻ ላይ እንደ ጨው ጭነት እየተወዛወዝኩ ወደ ሮቢ ወንዝ እወርዳለሁ። ከፊትም ከኋላም «ላ ኢላሀ ኢለላህ» የሚለው የቀባሪ ድምፅ ይሰማኛል። የወጣው ሰው ብዛት፣ ለራስ ሲሆን አይባልም እንጂ፣ ደስ ይላል። አንዲት ነገር ብቻ አለች። አልሞትኩም።

አለመሞቴን የሚያውቁት ሚስቴ ራቢዓ፣ ሼህ አደም፣ የቃሬዛውን የፊት ቀኝ የተሸከመው ጎረቤቴ ዘውዴና የዘውዴ ሚስት ወርቅነሽ ብቻ ናቸው። የቀረው ቀባሪ የምሩን ነው የሚያዝነው። ከኋላ ከተሸከሙት አንዱማ፣ «ሬሳው እስካሁን ይሞቃል እኮ!» ብሎ ልቤን ሊያቆማት ምንም አልቀረው።

ዘውዴ ቶሎ ብሎ፣ «በዚህ ፀሐይ ድንጋዩስ ይሞቅ የለ? ይልቅ እግርህን አንሳ!» አለው። እኔም በሆዴ ዘውዴን መረቅኩት።

እዚህ ቃሬዛ ላይ እንዴት እንደወጣሁ ልንገራችሁ። እኔ ጀይላን ግመል ነጂ ነበርኩ። ከአፋር ጨው አምጥቼ አሊዩ አምባ ገበያ አራግፋለሁ፣ ከዚያ የተገኘውን ጭኜ ወደ ቆላ እመለሳለሁ። ጣልያን ሲገባ ግመሎቼን ለስንቁ ማመላለሻ ወሰዳቸው። ግመል የሌለው ግመል ነጂ ምን ይሠራል? ሮቢ የት ላይ እንደሚያሻግር፣ የት ላይ እንደሚውጥ አሳምሬ ስለማውቅ የአርበኞች መንገድ መሪ ሆንኩ። ከሜዳው ወደ ተራራ፣ ከተራራው ወደ ሜዳ አሻግራቸዋለሁ፤ ሲነጋ ከቤቴ እገኛለሁ።

ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ በጥር፣ ጣርማ በር ላይ ተራራውን ከሚበሱት ሠራተኞች ጋር ጉንፋን ወደ ቆላ ወረደ። የምን ጉንፋን! ከደብረ ሲና እስከ እኛ ሜዳ ድረስ የማያስል ሰው ጠፋ። የኅዳር በሽታ ትዝ የሚላቸው ሽማግሌዎች ስሙን እንኳ ጮክ ብለው አይጠሩትም። እኔንም ያዘኝ። አተኮሰኝ፣ አጥንቴን ቆረጣጠመኝ፣ ከዚያ ለቀቀኝና ተነሣሁ። ራቢዓ ዶሮ አሳርዳ ሰደቃ አወጣች። ተርፌያለሁ ብዬ ነበር።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ለንጋቱ ለሱብሂ ሶላት ስነሣ የእግሬ ጣቶች ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ብዳብስ ምንም የለም። በማግሥቱ ከደጃፌ ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝና በግንባሬ ተደፋሁ። ቀጥሎ ወገቤ ከዳኝ። ቀጥሎ እጄ፤ የውሃ ቅሉን ልይዝ ስል ይወድቅብኛል። ትኩሳት የለኝም፣ ቁስል የለኝም፣ አእምሮዬ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው፤ ሰውነቴ ግን ከታች ወደ ላይ ይከዳኛል። ፊቴ ላይ ሲደርስ ዓይኔን መክደን አቃተኝ፤ እንቅልፍ ሲወስደኝም ፈጥጬ ነው። ድምፄ በአፍንጫዬ መውጣት ጀመረ፣ ኋላ እሱም ቀረ።

መንደሩ የመሰለውን ተናገረ። ለክፎት ነው ያለ አለ፤ ወንዝ ዳር ሲያመሽ ጋኔን መታው ያለ አለ፤ ባንዶቹ አስመርዘውት ነው ያለም አለ። ሼህ አደም ብቻ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ደረቴ ከፍ ዝቅ ሲል ብዙ ጊዜ ተመለከቱኝ። በኅዳር በሽታ ጊዜ ማጀቴ ከተማ ውስጥ፣ ጉንፋኑ ከለቀቃት በኋላ እንዲህ የሆነች ልጃገረድ አይተው ኖሯል።

«ከእግሯ ተነሥቶ ወጣ፣ ወጣ፣ ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመ» አሏት ራቢዓን። «ከዚያ በመጣበት ተመለሰ። ክረምቱ ሲያልፍ ውሃ ስትቀዳ በዓይኔ አይቻታለሁ።»

«ደረቱ ላይ ያልቆመለትስ፣ ሼህዬ?» አለች ራቢዓ።

«ትንፋሹን ጠብቂ» አሉ ሼሁ።

ትንፋሼን እኔም እየጠበቅሁ ነበር። ዱሮ ሳላስበው ይወጣ ይገባ የነበረው አየር አሁን ተለምኖ የሚመጣ ሆኗል። ፈራሁ። ወንድ ልጅ አይፈራም የሚል ካለ መጥቶ እኔ አልጋ ላይ ይተኛና ይሞክረው።

በዚያው ሰሞን ከአርበኞቹ አንዱ ተይዞ ስሜ ወጣ። ባንዶቹ መንደራችንን ቤት ለቤት ሊፈትሹ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። የተያዘ መንገድ መሪ መጨረሻው ገመድ ነው፤ ከገመዱ በፊት ግን ያስለፈልፉታል። እኔ ደግሞ ልለፍልፍ ብል እንኳ አልችል! ዝም ያልኩ መስሏቸው ሊያናግሩኝ የማይሞክሩት ነገር የለም።

«በሽተኛ ተሸክሞ ኬላውን ማለፍ አይቻልም፣ ይፈትሹታል» አለች ራቢዓ፣ ሼህ አደምንና ዘውዴን አስቀምጣ። «ሬሳ ግን ያልፋል። መቃብራችን ያለው ከድልድዩ ማዶ ነው። ከዚያ ሽቅብ ሲወጣ የአክስቱ የመሊካ ቤት ነው፤ እዚያ ፈልጎ የሚደርስበት የለም።»

ዘውዴ አማተበ። ሼህ አደም ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አዑዙ ቢላህ! ሕያው ሰው ላይ የሬሳ ሶላት ልሰግድ? ነገ ለአላህ ምን ብዬ ልመልስ ነው?»

«ዛሬ ካልሰገዱበት ነገ የምርዎትን ይሰግዱበታል» አለች። ምላሷ ስለት ነው፤ እኔም ያገባኋት ለዚሁ ነው።

ሼሁ መልሰው ተቀመጡ። «በሩቅ ለሞተም ይሰገዳል» አሉ በመጨረሻ። «ያ ተራራ ሲበሳ ድንጋይ ወርዶባቸው የቀሩ፣ ማንም ያልሰገደባቸው አሉ። ኒያዬን፣ የልቤን ሐሳብ፣ ለእነሱ አደርጋለሁ። አላህ ልብን ያያል።»

ራቢዓ ፊቷን ወደ ፊቴ አቀረበች። የዓይኔ ብሌን ብቻ ይታዘዘኛል፤ ወደ ላይ ካየሁ እሺ፣ ወደ ጎን ካየሁ እምቢ ነው፤ ይህችን የምታውቀው እሷና አጠገቤ የሚያመሸው ዘውዴ ናቸው። «ጀይላን፣ እንገንዝህ?» አለችኝ።

እምቢ ማለት ነበር የፈለግሁት። ወደ ላይ አየሁ።

እሷው አጠበችኝ፤ ሚስት ባሏን ብታጥብ የተፈቀደ ነው። ዓይኔ አልከደን ሲላት ቅቤ ቀብታ በጨርቅ አሰረችው። እኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትወርድምና ቃሬዛው ሲነሣ እሷ ከመንደሩ ዋርካ ሥር ቀረች። ሳልሰናበታት ሄድኩ፣ ማለቴ ወሰዱኝ።

«ቁም!»

ቃሬዛው ቆመ። ኬላው ደረስን። ድምፁን አወቅሁት፤ የባንዶቹ አለቃ፣ የኬላው ሹምባሽ ነው፣ ግመሎቼን ቆጥሮ የተረከበኝ እሱ ነው። መልኬንም ያውቀዋል።

«ማነው የሞተው?»

«ሷሊሕ ይባላል ጌታዬ፣ ድሃ ገበሬ ነው» አለ ዘውዴ። ከቀባሪው አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። የምፈለግ ሰው መሆኔን ያውቃሉ፤ ሬሳዬንም ቢሆን ከድልድዩ ላይ እንደሚሰቅሉት አልጠፋቸውም።

«ምን ገደለው?»

ለዚህ መልስ አላዘጋጀንም ነበር። ከፈኑን አስበናል፣ ሶላቱን አስበናል፣ ስሙን አስበናል፤ ምን ገደለው ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም። ዘውዴ ማንም የማይደነግጥበት ቀላል በሽታ የጠራ መስሎት፣ «ኧረ ጉንፋን ነው ጌታዬ» አለ።

የሹምባሹ ጫማ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። «ተመለሱ! ጣልያኑ አለቃችን ቴኔንቴው በጉንፋን የሞተ ድልድዩን እንዳያልፍ አዟል። ከወታደሩ ግማሹ ተኝቷል። እዚሁ ወንዙ ዳር ቅበሩት፣ ኖራም ይደፋበታል።»

«የአባቶቹ መቃብር ማዶ ነው፣ ልጄ» አሉ ሼህ አደም።

«አፈር ያው አፈር ነው! ምነው፣ ማዶ ካልሄደ አይሞትም?» አለ ሹምባሹ። «ቆይ እስቲ። ፊቱን ግለጡልኝ።»

ያ ረቢ! ሼህ አደም ግን እንደ ሰላምታ ረጋ ብለው፣ «እንገልጠዋለን። በሽታው የሚወጣው ከአፉ ነው፤ ጎንበስ በልና እየው» አሉት።

«እግሩን!» አለ ሹምባሹ። «እግሩን ግለጡት፣ በቃኝ!»

ከፈኑ ከእግሬ ላይ ተነሣ። ምን ሊያደርግ ነው እያልኩ ሳለሁ የሳንጃው ጫፍ ውስጥ እግሬን ወጋኝ። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ በሽታው መንቀሳቀሱን ወሰደብኝ እንጂ ሕመሙን አልወሰደልኝም። ሕመሙ እስከ አናቴ ወጣ። ጮህኩ፣ ኧረ እንዴት ያለ ጩኸት ጮህኩ! አንድም ሰው አልሰማኝም። ጣቴ እንኳ ንቅንቅ አላለም። በሽታዬን ስረግመው ሰንብቼ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ያዳነኝ እሱው ነው።

«ሙት ነው» አለ ሹምባሹ። ሼሁ ደሙ ሳይታይ እግሬን ቶሎ ሸፈኑት።

አወረዱኝ። በጀርባዬ ተንጋልዬ ዘውዴ ሲቆፍር እሰማለሁ። ዶማው ደረቁን ዋልካ ይመታል፤ እሱም «ወይኔ፣ ወይኔ» ይላል በየመሐሉ፤ ሰው ግን ለሬሳው ያለቀሰ ነው የመሰለው። እኔ ሌላ ጭንቅ ይዞኛል። ምራቄ ጉሮሮዬን እየሞላው ነው። በጀርባዬ ሆኜ ወዴት ይፈስልኛል? አየሩ በቀጭኑ ያልፋል፣ ያንቋርራል። አንድ ጊዜ ካንቋረርኩ ሹምባሹ ይሰማል፤ ካላንቋረርኩ ደግሞ በገዛ ምራቄ እታነቃለሁ። ሼህ አደም «አላሁ አክበር» ብለው ሶላቱን ሲጀምሩ ድምፃቸው ሸፈነልኝ። በሕይወቴ ስንት ሶላት ሰግጃለሁ፤ እንደዚያች እንዳታልቅብኝ የፈለግሁት የለም።

ከዚያ አነሡኝ። ሼህ አደምና ዘውዴ ጉድጓዱ ውስጥ ገብተው ተቀበሉኝ። የእኛን ቀብር የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ጉድጓዱ ሥር በቂብላው፣ በመካ አቅጣጫ በኩል ግድግዳው ወደ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ለህድ እንለዋለን። ሬሳው እዚያ ገብቶ በቀኝ ጎኑ ይተኛል፤ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ይዘጋል፤ አፈሩ የሚሞላው ከድንጋዩ ወዲህ ነው እንጂ ሰውየው ላይ አይደለም።

«ኖራውን እላዩ ላይ ድፉ!» አለ ሹምባሹ ከላይ።

«መጀመሪያ እንክደነው» አሉ ሼህ አደም። «ከዚያ እንደ ፍላጎትህ። አለዚያ ውረድና ራስህ ድፋው።»

አልወረደም። አላህ ይስጣቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ምላሳቸው ከሚስቴ አላነሰም።

በቀኝ ጎኔ አስተኙኝ። እንደ ደንቡ የከፈኑን ቋጠሮ ፈቱት፣ ጉንጬን ገልጠው ከአፈሩ ጋር አገናኙት፣ የዓይኔንና የአገጬን ጨርቅ አወለቁልኝ። በዚያን ጊዜ ጉሮሮዬን የሞላው ምራቅ ሁሉ በአፌ ጥግ ሽው ብሎ ወደ አፈሩ ፈሰሰ። አየር ገባ! ከቃሬዛው ይልቅ መቃብሬ ውስጥ ተነፈስኩ። ሼህ አደም ጎንበስ ብለው፣ «ተንፍስ» አሉኝ። ዘውዴ ግን እጁን ግንባሬ ላይ ጫን አደረገ። እጁ ላብና አፈር ነበር።

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ደረደራቸው። በየመሐላቸው ያለውን ክፍተት በጭቃ መድፈን ደንብ ነው፤ ዘውዴ ጭቃውን ከእግሬ በኩል ቀባባና በራስጌዬ በኩል ተወው። የመጨረሻው ድንጋይ ሲገጠም ብርሃኑ ጠፋ። ከዚያ አፈሩ መጣ። ዱብ። ዱብ። መጀመሪያ ድንጋዩን ሲመታ ጮክ ይላል፣ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ እየሰነፈ ይሄዳል፤ የሰው ወሬም አብሮት ይርቃል። በመጨረሻ እንደ ዱቄት ሽሽ ያለው ኖራው ነበር።

ከዚያ የሼህ አደም ድምፅ በራስጌዬ በኩል መጣ። ሬሳ ከተቀበረ በኋላ አንድ ሰው መቃብሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሁለቱ መላእክት ሙንከርና ነኪር ሲመጡ ምን ብሎ እንደሚመልስ ያስታውሰዋል፤ ተልቂን ይባላል። ሟቹ የሚጠራው በእናቱ ስም ነው። «የሐምዲያ ልጅ ሆይ!» አሉ። ለሹምባሹ ሷሊሕ ነኝ፣ የእናቴን ስም ግን ከየት ያውቀዋል? ሐምዲያ የእኔ እናት ናት። «የሐምዲያ ልጅ ሆይ፣ አትፍራ፣ አትዘን» አሉና ዐረብኛውን ሲጨርሱ ወደ አርጎብኛ አዙረው፣ በዚያው የቁርኣን ዜማ፣ «ራቢዓ ትመጣለች። በትንሽ በትንሹ ተንፍስ። ብርቱ ሁን» አሉኝ። ይህን ቋንቋ ከአያቶቻችን ወዲህ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ገና ሳይጨርሱ ከላይ ጩኸት ተነሣ።

«ቀባሪ በሙሉ ተሰለፍ! ተራራው ላይ ድንጋይ ተሸካሚ ጎድሎናል!»

«ጌታዬ፣ መቃብሩ ላይ ድንጋይ ሳንከምር?» ዘውዴ ነው። ድምፁ ተሰብሯል። «በእመቤቴ፣ ትንሽ ብቻ ልቆይ። ጅብ ያወጣዋል!»

«ያውጣው! ተሰለፍ ብያለሁ!»

ጅራፍ ጮኸ። ሼህ አደም ሽማግሌ ናቸውና፣ «አንተ ወደ ቤትህ» ሲባሉ ሰማሁ። ከዚያ የብዙ እግር ኮቴ በአናቴ ላይ አለፈና ራቀ። ከዚያ ምንም።

ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አልነግራችሁም፤ አላውቀውማ። ዓይኔ አይከደንም፣ የማየው ግን የለም። ከጉንጬ ሥር ያለው አፈር ቀዝቃዛ ነው። ትንፋሼን ስስበው እንደ ወፍራም አጥሚት እየከበደኝ መጣ። ሼሁ ያሉት ደረቴ ላይ ይቁም አይቁም እንጃ። ምናልባት ራቢዓንም ይዘዋት ይሆናል። ምናልባት ወታደሮቹ መቃብሩ አጠገብ ምሳቸውን እየበሉ ይሆናል።

ከዚያ ከሁሉ የከፋው ሐሳብ መጣብኝ። ሞቼስ እንደሆነ? ታጥቤያለሁ፣ ተገንዣለሁ፣ ተሰግዶብኛል፣ ተልቂኑም ተነግሮኛል። ከሙት የሚለየኝ ምንድን ነው? ራሴን ልቆንጥጥ ብል እጄ እምቢ፣ ልጩህ ብል አፌ እምቢ። ሳንጃው የወጋኝ እግሬ ይጠዘጥዘኛል። የሚጠዘጥዘው በሕይወት ያለ ነው አልኩ። ቆይቼ ደግሞ፣ ሙት አይጠዘጥዘውም ያለው ማነው አልኩ።

በዚህ መሐል ከአናቴ በላይ አንድ ነገር አፈሩን ጫረ።

ቆመ። ደግሞ ጫረ።

መጡ አልኩ። ሙንከርና ነኪር መጡ፤ ሞቻለሁ ማለት ነው። መልሱን ልያዝ ብል ሁሉም ጠፋብኝ፤ ጌታህ ማነው ቢሉኝ ምኑን ልመልስ፣ ምላሴ አይላወስ! ጫሪው ግን ይቻኮላል፣ ያለከልካል። መልአክ ያለከልካል እንዴ? ጅብ ነው! ይህን ሳስብ የመላእክቱን ፍርሃት ረሳሁት። ከፊቴ ጀምሮ ሲበላኝ ዓይኔን ሳልከድን አየዋለሁ፣ እያልኩ በውስጤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እንባዬ ብቻ ታዘዘኝ፤ በአፍንጫዬ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ።

ያን ጊዜ የሴት ለቅሶ ሰማሁ። ደረት ይመታል፣ አገር ይቀልጣል።

«የጎጆው ምሰሶ ከሮቢ ዳር ወድቆ፣
ማን ያድራል ከደጁ ቤቱን ከጅብ ጠብቆ!»

ወርቅነሽ! የወርቅነሽ ሙሾ ነው! ክርስቲያን ሴት መቃብር ላይ ብታለቅስ ማንም አይገርመው፣ ወታደሩም ጉንፋኑን ፈርቶ አይጠጋትም። ሙሾው ጫሪውን ይሸፍነዋል። ጫሪዋ ደግሞ መቃብር የማትወርደው ሚስቴ ናት።

ድንጋዩ ተነቃነቀ። ብርሃኑ ዓይኔን እንደ በርበሬ ለበለበኝ። አንድ እጅ ገብቶ ፊቴን ዳበሰ፤ ጣቶቹ በኖራ ነጥተው፣ ኖራው ከላቧ ጋር ሆኖ ቆዳዋን ልጦት ይደማል። አስወጣችኝ፣ እንዴት እንዳወጣችኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ እኔ እንኳን ያን ጊዜ ዛሬም ቀላል ሰው አይደለሁም።

«በዓይንህ ንገረኝ!» አለች በሹክሹክታ። «ጀይላን! አለህ?»

ወደ ላይ አየሁ። በጥፊ መታችኝ፣ ከዚያ አንገቴ ሥር ገብታ ተንሰቀሰቀች። «ገደልከኝ አንተ ሰውዬ፣ ገደልከኝ» ትላለች።

ወርቅነሽ ነጠላዋን እንደ ድንኳን ከልላን ታለቅሳለች። ፊቷ ግን ወደ እኛ አልነበረም። ቀባሪዎቹ የተነዱበት፣ ወደ ተራራው የሚወጣው መንገድ ላይ አፍጥጣ ነው።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ይበቃል፣ ወጥቷል እኮ» አለቻት ራቢዓ።

«እሱማ ወጣ» አለች ወርቅነሽ። «የኔውስ?»

ለእኔ የተለቀሰ መስሎኝ የነበረው ሁሉ ለዘውዴ ነበር።

መቃብሩን መልሰው ሞሉት። በፈፋው ውስጥ እየጎተቱ፣ ሲመሽም ወንዙን ከታች በኩል አሻግረው፣ ሼህ አደም ከታች ባስመጡት አህያ ላይ አስረው፣ አክስቴ መሊካ ቤት አደረሱኝ። እዚያም በሁለት በኩል ትራስ ተደግፌ በቀኝ ጎኔ ብቻ ከረምኩ፤ ሌላ አተኛኘት ያንቀኛል። በሽታው ደረቴ ላይ ብዙ አመነታ። ስንት ጊዜ ራቢዓ አፍንጫዬ ሥር መዳፏን ዘርግታ ስትጠብቅ አየኋት። ከዚያ ቆመ፣ እንደ ማጀቴዋ ልጃገረድ በመጣበት ተመለሰ። መጀመሪያ ዓይኔ ተከደነ። እንዴት ያለ ጸጋ ነው መሰላችሁ፣ ዓይንን መክደን! ድምፄም ተመለሰ፤ ክረምቱ ሲወጣ በምርኩዝ ቆምኩ። የራቢዓ ጣቶች ግን እንደተጨማደዱ ቀሩ፤ መርፌ አትይዝባቸውም።

ከዘውዴ ወሬ አልነበረም። ከሥራው ያመለጠ አንድ የመንደራችን ሰው፣ «በሕይወት አለ፣ ግን ብዙ አይናገርም» ብሎ ለወርቅነሽ ነገራት። «ሲጨንቀው ወዳጄን በእጄ ቀበርኩት፣ ሕያው ሰው ላይ አፈር መለስኩ ይላል፤ እኛ የምንለው ሁሉ አይገባውም።» ሰውየው የሚያወራው ምን እንደሆነ አልገባውም። እሷ ስትነግረን እኛ ግን ገባን። ዘውዴ ተነድቶ ሲሄድ የራቢዓን መምጣት አላየም። በልቡ እኔ ገና እዚያው ነኝ።

«እሄዳለሁ» አልኩ። ራቢዓ አበድክ እንዴ አለችኝ፣ ሼህ አደምም በገዛ እግርህ ገመድ ፍለጋ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጢሜን አሳድጌ፣ ሻሽ ጠምጥሜ፣ ምርኩዜን ይዤ፣ እንደ ለማኝ እየተጎተትኩ ከወርቅነሽ ጋር ሽቅብ ወጣሁ። ጣርማ በር ሥር መንገዱ ዳር፣ ከሌሎች ለማኞች መሐል ቆምኩ። 

ድንጋይ ተሸካሚዎቹ ተሰልፈው መጡ። ዘውዴን ያወቅሁት በአካሄዱ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ትከሻው ቆስሏል። ወርቅነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች። ዘውዴ ሲያልፍ ቀና አለ፣ አያት፤ ቀጥሎ እኔን አየ። ድንጋዩ ከትከሻው ወረደ።

ጠባቂው በጅራፍ ገረፈው። «ምን ሆንክ አንተ?»

«የቀበርኩት ሰው ቆሞ አየሁ» አለ ዘውዴ።

ጠባቂው ለጓደኛው፣ «ይሄም አበደ» ብሎ ሳቀ። ዘውዴ ግን አልተንቀሳቀሰም። መንፈስ ልሁን ሰው ልሁን መለየት አቅቶታል። ስሙን ብጠራው ሁለታችንም አለቅን። እጄን ላነሣለት ብል እጄ ገና ከደረቴ በላይ አይወጣልኝም ነበር።

ዓይኔን ወደ ላይ አነሣሁለት።

ዘውዴ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ ጎንበስ አለ፣ ድንጋዩን አንሥቶ ተሸከመና ሄደ።